«ተቀበል» የሚለው ማን ነው? ስለ አዲስ አበባ መጪው የኪነ ጥበብና የባህል ዓመት

ክቡራትና ክቡራን፣

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የአዲስ አበባ መጪው የኪነ ጥበብና የባህል ዓመት» የሚል ነው። አሮጌው ዓመት ሊወጣ ጥቂት ቀናት በቀሩበት፣ ዝናቡም ገና ባላባራበት በዚህ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ወደ ፒያሳ ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ። ምናልባት ከእኔ የተጠበቀው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የት ምን እንደሚታይ መዘርዘር ይሆናል፤ እኔ ግን ዝርዝር ይዤ አልመጣሁም። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ጥያቄውንም ያገኘሁት ከአዝማሪ ቤት ነው።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው «ተቀበል» የምትለውን ቃል ያውቃታል። ማሲንቆው እየተመታ ሳለ ከታዳሚው መካከል አንዱ ድንገት «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ያቀብላል፤ አዝማሪውም ስንኙን ቃል ሳያጎድል፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ጠምዘዝ አድርጎ፣ በዜማው ላይ ያወርደዋል። ስንኙ ፊት ለፊት ስለተቀመጠው ወዳጅ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ወይም ሰምና ወርቁ ካልተፈታ በቀር በአደባባይ ስለማይነገር ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለዚያች ቅጽበት የዘፈኑ ባለቤት አዝማሪው ብቻ አይደለም፤ ብርጭቆውን ይዞ ጥግ ላይ የተቀመጠውም ሰው ነው። «ማኅበረሰብን ማዕከል ያደረገ ኪነ ጥበብ» የሚለው፣ ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ የኖረው ሐረግ፣ ለእኔ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በመጪው ዓመት በዚህች ከተማ በሚተከሉት መድረኮች ላይ «ተቀበል» የሚለው ማን እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ነዋሪው ስንኝ ያቀብላል ወይስ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል?

የከተማ የባህል ዓመት ሲታቀድ ብዙ ጊዜ ባዶ የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና በየወሩ አንድ አንድ ዝግጅት ይሰካበታል። የአዲስ አበባ የቀን መቁጠሪያ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ገና ዓመቱ ሳይለወጥ፣ ነሐሴ 12 ቀን ማምሻውን፣ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ። በእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች «አበባ አየሽ ወይ» እያሉ ደጅ ለደጅ ሲዞሩ ወንዶቹ በወረቀት የሣሉትን አበባና መልአክ ለጎረቤት ያድላሉ። እኔ በዕድሜዬ የመጀመሪያውን የሥዕል ዐውደ ርእይ ያየሁት በእናቴ ብፌ መስታወት ላይ ነው። ከሰፈሩ ልጆች የተሰበሰቡት መላእክት ሁሉም አንድ ዐይነት ክንፍ ነበራቸው፤ አፍንጫቸው ግን እንደ ሠዓሊው ይለያይ ነበር፤ እናቴም ማን የትኛውን እንደሣለ ሳትጠየቅ ትናገር ነበር። ከዚያ በኋላ በሌሎች ከተሞች ብዙ ትልልቅ የሥዕል ቤቶችን አይቻለሁ፤ እያንዳንዱን ሠዓሊ ከነቤተሰቡ የሚያውቅ ተመልካች ግን አላጋጠመኝም።

መስከረም 16 ደመራ አለ። በዓለም አቀፍ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በ2006 ዓ.ም. የሰፈረው የመስቀል በዓል በሰፊው አደባባይ ከሚነደው ትልቅ ደመራ ሌላ በየሰፈሩ የሚደመሩ ስንት ትንንሽ ደመራዎች እንዳሉት ታውቃላችሁ። በዚያው ሰሞን ኢሬቻ ይከተላል፤ በመዲናዋ እንደገና መከበር የጀመረውም በ2012 ዓ.ም. ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳና ወደየባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ የየሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው የገዙትን ምንጣፍ ከፊት እያነጠፉ፣ ከኋላ እየጠቀለሉ፣ እንደገና ወደ ፊት እየሮጡ ያነጥፋሉ። ይህን ትዕይንት በቴአትር ባለሙያ ዓይን ብታዩት ልምምድ የሌለበት፣ ግን ማንም ከማንም ጋር የማይጋጭበት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሳተፉበት የእንቅስቃሴ ድርሰት ነው። የካቲት 23 ዓድዋ ነው፤ ፉከራውና ቀረርቶው፣ የአባት ልብሱ፣ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚሰበሰበው ሕዝብ ለማንም ትኬት አልቆረጠም። መውሊዱና ሁለቱ ዒዶች ደግሞ ጨረቃን ተከትለው በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከመስከረም ወር ጀምሮ ቀኑን በድንጋይ ላይ የሚጽፍ አቅድ እነሱን መርሳቱ አይቀርም።

አንድ የባህል ዓመት እነዚህን በዓላት ልተካ፣ ላሳምር ወይም ላስተዳድር ካለ ገና ከመጀመሪያው ተሳስቷል። በበዓላቱ መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ያንኑ ጉልበት እንዴት እንደሚያቆየው ቢያስብ ግን ሥራ አገኘ ማለት ነው፤ ምንጣፍ ያነጠፈው ወጣት ከጥር 12 በኋላ የት ይገባል?

አቅድ አውጪዎች ከረሷቸው ነገሮች ሌላው ጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም ዘፈን የሚተው፣ በረመዳን ማታውን ለአፍጥርና ለተራዊሕ የሚሰጥ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ በእነዚያ ሳምንታት የሙዚቃ ድግስ ደግሶ «ሰው አልመጣም» ማለት የአዘጋጁ ጥፋት ነው። እነዚያ ሳምንታት ለሥዕል፣ ለንባብ፣ ለፎቶግራፍ፣ ሽማግሌዎችን አስቀምጦ ታሪክ ለመቅዳት የተመቹ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሜዳው ጭቃ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው። ስለዚህ ክረምቱ የትዕይንት ሳይሆን የሥልጠና ወቅት ይሁን። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የማንኛዋንም እናት መጠየቅ ይበቃል።

ወደ «ልዩ ልዩ» ወደሚለው ቃል ልለፍ። ቃሉ በአቅድ ላይ ሲሰፍር የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እነዚያው ተወዛዋዦች ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየለወጡ አገሩን በዐሥራ አምስት ደቂቃ ያዳርሱታል። ሙያውን አልንቅም፣ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ አቀብዬ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ልዩነት የሚገኘው በሰፈር ውስጥ ነው። ሽሮ ሜዳ ብትወጡ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ጥለት ይጥላሉ፤ የዶርዜ ዘፈን ደግሞ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ እየተሳበ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚዘፈን በመሆኑ ሙዚቃ ያጠኑ ሰዎች ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው የሚያደምጡት ነው። ከዚያው ሰፈር ቁልቁል በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚርቀው የስድስት ኪሎ ነዋሪ ግን ጥለቱን ለብሶት እንጂ ዘፈኑን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። መርካቶ ውስጥ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ መንዙማውና ማሕሌቱ የአንድ ሰፈር ድምፆች ናቸው። ሁለቱን በአንድ መድረክ እንደባልቃቸው አላልኩም፤ ያ ሁለቱንም ማዋረድ ይሆናል። የመርካቶ ልጅ ሁለቱንም እየሰማ ማደጉን እንደ ሀብት ቆጥረን፣ የሰማውን እንዲነግረን ዕድል እንስጠው ነው የምለው።

የሩቅ ሰውም ቢሆን በዚህች ከተማ ጥበብ ውስጥ እጁ አለበት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች «አርባ ልጆች» ተብለው የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው እዚህ ኖሩ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያንም በኋላ ዘመናዊውን የሙዚቃ ጓድ ካነጹት አንዱ ሆነ። ከዕልቂት የተረፉ ስደተኛ ልጆች ያመጡት ጥሩምባ ዛሬ «የእኛ» በምንለው ድምፅ ውስጥ ገብቷል። በከተማችን ዛሬም ከጎረቤት አገሮች የመጡ ስደተኞች አሉ፤ በመጪው ዓመት አቅድ ውስጥ ስማቸው ባይነሳ ታሪካችንን ረሳን ማለት ነው።

አሁን ከተቀመጥንበት ብዙም የማይርቀው ሀገር ፍቅርም ሲጀመር ቴአትር ቤት አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ ሳለ የተመሠረተው «የሀገር ፍቅር ማኅበር» ነው፤ አዝማሪዎችን አሰባስቦ በዘፈንና በንግግር ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ማኅበር። ሕንፃው፣ መጋረጃውና ትኬቱ በኋላ የመጡ ናቸው። የዘውድ በዓሉን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ግን ከሕንፃ ጀመረ። ሁለቱም ከተማዋን አገልግለዋል፣ የትኛውንም አላሳንስም፤ ነገር ግን በእጃችን ጥቂት ገንዘብ ብቻ ካለ ከማኅበር መጀመር ከሕንፃ ከመጀመር ርካሽ ነው። ማኅበር ካለ አዳራሽ ተለምኖም ይገኛል።

ስለ ቀበሌ ኪነትም መናገር አለብኝ፤ እኔ ራሴ ከዚያ የወጣሁ ነኝና። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተደራጀ። እኔ ከበሮ መቺ ነበርኩ፤ ከበሮው ከእኔ ይበልጥ ነበር። የምንዘፍነው ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ግጥሙ ከላይ የመጣ፣ ጭብጨባውም የታዘዘ ነበር። በዚያ ዘመን ለጠፋው ሕይወት ያ ሁሉ መዝሙር አጃቢ መሆኑን ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ ስለዚህ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም የምናገረው። የሆነ ሆኖ የቤታችን በር ከተከፈተበት አንሥቶ በእግር አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሽ ነበር፣ መሣሪያ ነበር፣ «ድምፅህን ከሆድህ አውጣው» የሚል አሠልጣኝ ነበር። ከዚያ የኪነት ትውልድ ውስጥ ስንቱ ወደ ትልልቁ መድረክ እንደወጣ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ዘመኑ ሲለወጥ መዝሙሩ መቅረቱ ትክክል ነበር፤ አዳራሹ አብሮ መቅረቱ ግን ትክክል አልነበረም። እኔ ያደግኩበት አዳራሽ መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ የሠርግ ኪራይ፣ በመጨረሻም ባዶ መሬት ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ፣ በቅርቡም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲለውጥ፣ የመሐል ከተማው ነዋሪ ወደ ዳር ወጥቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ ማታ መብራት አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚሁ መሐል ፒያሳ ይገኛል። ልጆቻቸውን ይዘው አመሻሹ ላይ የሚንሸራሸሩትን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ከነታዳሚያቸው፣ የሠራተኛ ሰፈር ጎረቤታሞች ከነዕድራቸው ተበትነዋል። አዳራሾቹ መሐል ከተማ ቀሩ፣ «ተቀበል» የሚለው ሰው ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ገባ። ቅዳሜ በ11 ሰዓት የሚጀመር ቴአትር ለመታደም ከየካ አባዶ የምትነሣ እናት ለታክሲ የምታወጣው፣ የልጆቿ ሲደመርበት፣ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል፤ ስትመለስ ደግሞ መሽቷል፤ ሰልፉ ረጅም ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት «ቴአትር የማየት ልማድ የላትም» ብሎ መጻፍ ነውር ነው።

በሌላ በኩል መሐል ከተማው ራሱ ለራሱ የተዘጋ ነው። በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ፤ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል የሚያሳይ ሥራ ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደገና ተከፍቷል። ከፊት ለፊቱ በየቀኑ በአውቶቡስ የሚያልፈው ሕዝብ ቁጥር ስንት ነው? ከነዚያ መካከልስ ፀሐይ በቀዩ መስታወት ውስጥ ስትገባ ወለሉ ምን እንደሚመስል ያየ ማን ነው? መጪው ዓመት ምንም አዲስ ነገር ሳይገነባ፣ እንዲህ ያሉትን በሮች በተወሰነ ቀን ለየትምህርት ቤቱ ልጆች በተራ ማስከፈት ብቻ ቢችል እንኳ ለእኔ ትልቅ ዓመት ነው። «በተወሰነ ቀን» ያልኩትን አስምሩበት። በራስ ሆቴል በየወሩ ይቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥምን በጃዝ አዳራሹን ይሞላ የነበረው በግጥሙና በሙዚቃው ብርታት ብቻ አይመስለኝም፤ ሰዉ ወሩ ሲገባ ማስታወቂያ ሳይጠብቅ ወደዚያ ያመራ ስለነበር ነው። አንዴ በድምቀት ተደግሶ ከሚረሳ ድግስ በየወሩ የማይቀር ትንሽ ምሽት ይበልጣል።

የመድረክ እጥረት አለብን ይባላል። እኔ አላምንም። በዚህች ከተማ በሁሉም ክፍለ ከተሞች ተሠራጭቶ የሚገኝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚተከል፣ ዝናብ የሚችል፣ ወንበርና አግዳሚ ያለው፣ ጠባቂና ንብረት ክፍል የተመደበለት መድረክ አለ፤ ስሙም የዕድር ድንኳን ነው። ሰፈሩ ሲበተን ብዙ ዕድር አብሮ ቢበተንም የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ቁልፉን በተረከበ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ዕድር አቋቁሟል። ሕዝቡ ሳይታዘዝ፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ደንብ የሚያቆመው ተቋም ይህ ነው። ጥሩምባ ነፊው ሳይቀር አለው፤ ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ክፍል ከየት ይመጣል?

ባለሙያው ደግሞ መከፈል አለበት። ወደ ሰፈር መውረድ ማለት በነፃ መሥራት ማለት አይደለም። የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷት፣ ለትራንስፖርት እንኳ ሳይታሰብላት ማታ በእግሯ የተመለሰች ተዋናይት አውቃለሁ፤ ያዘጋጀው ክፍል ማን እንደሆነ አልናገርም። ለመድረኩ አበባ የወጣው ገንዘብ ለእሷና ለጓደኞቿ በበቃ ነበር።

አሁን እኛው የጀመርነውን ልንገራችሁና ላብቃ። እኔ በምኖርበት አካባቢ፣ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ ገና ያልተነሣ አንድ ሰፈር አለ። ባለፈው ሐምሌ ለዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቤ ድንኳኑ በወር አንድ እሑድ ለሰፈሩ ልጆች ጨዋታ፣ ለሽማግሌዎች ወግና ለሙዚቃ እንዲፈቀድ ጠየቅሁ። የዕድሩ ዳኛ በአክብሮት አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ለሐዘን የተገዛ ድንኳን ለዘፈን አይወጣም» አሉ። እኔ ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ልጄ ያሉኝ ግን በጉባኤው ፊት ትሕትና እንድማር ይመስለኛል። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ልጃቸውን በቅርቡ የቀበሩ አንዲት እናት ተነሥተው፣ ድንኳኑ በተተከለ ቁጥር የሰፈሩ ሕፃናት የሞተው ማን ነው እያሉ መጠየቅ እንደሰለቻቸው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ፤ ዳኛውም ድምፅ አሰጡ።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። የሚሰጠን አሮጌው ድንኳን ነው፤ አዲሱ አይነካም። ወንበር የሰበረ ይተካል። በዐቢይ ጾም ዘፈን የለም፣ ንባብ ግን ይቻላል። በመካከሉ ሞት ከገጠመ ጨዋታው በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን ይቆማል፣ ድንኳኑም ወዲያው ተነቅሎ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ ተዋናዮቹና ታዳሚው ካስማውን በመንቀል ይረዳሉ። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ለተዋናዮቹ ሳነብላቸው አንዱ፣ ድራማው መሐል ላይ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀኝ። ያኔም ቢሆን ካስማ እንነቅላለን አልኩት።

የመጀመሪያው እሑድ ከመስቀል በኋላ ያለው ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ከዳር ለሚመጡት የቀድሞ ጎረቤቶቻችን መመለሻ ታክሲ እንዲገኝ ነው ሰዓቱን ያስቀደምነው። ማሲንቆ የሚጫወት አግኝተናል። ከበሮ ግን የለንም፤ ያለው ሰው ከዚህ ስንወጣ በሩ ላይ ያነጋግረኝ።